ሌሊትሽን ለሐኪምሽ ንገሪ

ልጄ፣ ልብሽን መታመምሽን ከሰማሁ ጀምሮ ልጽፍልሽ ሳስብ ቆየሁ። ስለ መድኃኒትሽና ስለ ምግብሽ የሚመክርሽ አታጪም። ስለ እንቅልፍሽ ግን የሚጠይቅሽ ሰው እንዳይጠፋ እሰጋለሁ።

የልብ ሕመምተኛ በቀጠሮው ቀን ሐኪም ፊት ሲቀርብ የሚናገረው የቀኑን ነው፤ ዳገት ስወጣ ይደክመኛል፣ እግሬ ያብጣል፣ መድኃኒት አልቆብኛል። ግፊቱ ይለካል፣ ደረቱ ይደመጣል፣ ማዘዣው ይጻፍለታል። ከበሩ ውጭ ወረፋ የሚጠብቀው ብዙ ነው። ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ ሳይነገር ይቀራል። ሕመምተኛው ራሱ እንቅልፍ ማጣቱን የሐሳብና የኑሮ ጣጣ አድርጎ ስለሚቆጥረው ለሐኪም የሚነገር አይመስለውም።

እኔ በነርስነት ዘመኔ በውስጥ ደዌ ክፍል ብዙ ሌሊት ተረኛ ሆኜ ሠርቻለሁ። ልብ እየደከመ መሄዱን ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያሳየው ሌሊት እንደሆነ የተረዳሁት እዚያ ነው። ከጠያቂ ጋር ሲጫወት የዋለው ሰው መብራት ሲጠፋ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ አየር ሲፈልግ ያድራል። ጠዋት ሐኪሞቹ ሲዞሩ ደግሞ «ደህና ነኝ» ይላል። ስለዚህ የምመክርሽ ሁሉ የሚያመራው ወደ አንድ ነገር ነው። ሌሊትሽን ችለሽ አትደብቂው፣ በራስሽም መድኃኒት ገዝተሽ አታፍኚው፤ ተናገሪው።

1. ተኝተሽ አንድ ሁለት ሰዓት እንደሆነሽ አየር አጥሮሽ ብድግ ካልሽ፣ መስኮት ለመክፈት ከተጣደፍሽ፣ ዱካክ ነው ብለሽ አትለፊው።

በአገራችን ሌሊት ደረቱን የተጫነው ሰው ሁሉ ዱካክ ያዘኝ ይላል፤ ቤተሰቡም ይህንኑ ተቀብሎ ይተኛል። ሁለቱን መለየት ግን ከባድ አይደለም። ዱካክ የምንለው ሲይዝ አእምሮ ነቅቶ ሰውነት ገና አልነቃም። ዓይንሽን ትገልጫለሽ፣ ልትጮኺ ትፈልጊያለሽ፣ እጅና እግርሽ ግን አይታዘዙሽም። ከጥቂት ሰኮንድ እስከ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይለቅሻል፤ ከለቀቀሽ በኋላ ትንፋሽሽ ደህና ነው። የሚያስደነግጥ ቢሆንም በራሱ ጉዳት የለውም። የልቡ ሌላ ነው። እጅና እግርሽ ይታዘዙልሻል፣ ተነሥተሽ ትቀመጫለሽ፣ አየሩ ግን አይበቃሽም። ያስልሻል፣ ያልብሻል፣ ደረትሽ ያፏጫል። እግርሽን ከአልጋው ወደ ታች አድርገሽ ቁጭ ስትዪ ከሩብ እስከ ግማሽ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ቀስ እያለ ይለቅሻል።

ምክንያቱን ልንገርሽ፤ ማወቁ ፍርሃትን ይቀንሳል። ቀን ስትቆሚና ስትቀመጪ ትርፉ ፈሳሽ ወደ እግርሽ ይወርዳል። ስትተኚ ያ ፈሳሽ ወደ ደም ሥር ተመልሶ ወደ ደረት ይመጣል። ጤነኛ ልብ ያሳልፈዋል። የደከመ ልብ፣ ወይም እንዳንቺ ከልጅነት የቶንሲል ሕመም በተነሣው ሩማቲክ የልብ ሕመም የግራው ቫልቭ የጠበበበት ልብ፣ የመጣለትን ሁሉ ማሳለፍ አይችልም። ያላለፈው ወደ ሳንባ ይመለሳል። ተኝተሽ የሚያፍንሽ ቁጭ ስትዪ የሚለቅሽ በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሕመም ደረትን ስለሚያስፏጭ አስም እየተባለ ብዙ ሰው ለወራት በሚነፋ መድኃኒት ሲታከም አይቻለሁ። የሚነፋው መድኃኒት የልብ ምትን ያፈጥናል እንጂ ከሳንባ ውኃ አያወጣም። አስም ኖሮብሽ የማያውቅ ከሆነና ሌሊት ስትተኚ ብቻ ደረትሽ የሚያፏጭ ከሆነ፣ «ቁጭ ስል ይለቀኛል» የሚለውን ቃል ለሐኪሙ ሳትነግሪ አትውጪ። ያ አንድ ዓረፍተ ነገር የምርመራውን አቅጣጫ ሊለውጠው ይችላል።

2. በስንት ትራስ እንደምትተኚ ልብ በይ።

ባለፈው ወር አንድ ትራስ ይበቃት የነበረች ሰው ዛሬ ሦስት ካስፈለጋት፣ ምንም ሌላ ሕመም ባይሰማትም ልቧ ይበልጥ እየደከመ ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች «በስንት ትራስ ነው የምትተኚው?» ብለው የሚጠይቁት ለወግ አይደለም። ቁጥሩን ይዘሽ ሂጂ። ከዚሁ ጋር ቤት ውስጥ ሚዛን ካለ ጠዋት ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ቁርስ ሳትበዪ ተመዘኚና ጻፊው። በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመርሽ የጨመረው ሥጋ አይደለም፣ ውኃ ነው። ቀጠሮሽን ሳትጠብቂ ሂጂ።

አተኛኘቱን በተመለከተ፣ ትራሱን አንገትሽ ሥር ብቻ ብትደራርቢው አንገት ያጎብጣል እንጂ ደረት አያነሣም። ከወገብሽ ጀምሮ ከፍ ማለት አለብሽ። ትራስ ባይኖር የተጣጠፈ ጋቢና ብርድ ልብስ ይበቃል፤ ፍራሹን ከግድግዳ ጋር አስደግፎ ማጠፍም ይቻላል። አልጋ ካለሽ የራስጌውን ሁለት እግሮች ጠንካራ ጡብ ወይም ጣውላ ላይ አስቀምጪያቸው፤ እንዳይንሸራተት ግን በደንብ ይታይ። በግራ ጎንሽ ስትተኚ የልብሽ ምት ከረበሸሽ ወይም ትንፋሽሽ ካጠረ በቀኝ ጎንሽ ተኚ። ልባቸው የደከመ ብዙ ሰዎች የሚመርጡት ቀኙን ነው፣ ክፋትም የለውም። ይህ ሁሉ ግን ሌሊቱን ለማሳለፍ ነው፤ ትራስ መጨመር ሕክምና አይሆንሽም።

3. የሽንት መድኃኒትሽን የምትወስጂበትን ሰዓት አስተካክዪ።

ላሲክስ የሚባለው የሽንት መድኃኒት በአፍ ሲወሰድ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሥራውን ይጀምራል፣ ለስድስት ሰዓት ያህልም ያሸናል። ጠዋት ከተወሰደ ከመምሸቱ በፊት ሥራውን ይጨርሳል። በቀን ሁለት ጊዜ የታዘዘላት ደግሞ ሁለተኛውን ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ብትወስደው ለሌሊቱ አይተርፍም። «ጠዋትና ማታ» ተብሎ በደፈናው ስለሚነገር ግን ከእራት በኋላ የሚውጡት ብዙ ናቸው። ሌሊቱን ሲመላለሱ ያድራሉ፣ ከዚያ ይህ መድኃኒት እንቅልፍ ነሣኝ ብለው ይተዉታል። ከተዉት በኋላ ደግሞ ጥቂት ቀን ሳይቆይ እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው በድንገተኛ በኩል ይገባሉ። የመድኃኒቱ ጥፋት አልነበረም፤ የሰዓቱ ነበር።

በጾም ወራት ነገሩ ይብሳል። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የምትቆይ ሴት መድኃኒቷን ሁሉ ከ9 ሰዓት በኋላ ታደርገዋለች። በረመዳንም ከአፍጥር በኋላ የሚውጡት አሉ። ሽንቱ ሁሉ ወደ ሌሊት ይዞራል፤ የቀኑ መድኃኒትና የማታው መድኃኒት ይቀራረቡና ግፊት ይወርዳል፣ ራስ ያዞራል። እምነትሽን የምነካ አይደለሁም፣ እኔም ጿሚ ነኝ። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያናችን ለታመመ ሰው መንገድ አላት፤ እስልምናም በሽተኛን ከጾም ግዴታ ይፈታል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ለሐኪምሽ ንገሪው፣ ከነፍስ አባትሽም ጋር ተነጋገሪ። ሁለቱም ሳያውቁ አንቺ ብቻሽን የመድኃኒት ሰዓት አትቀይሪ።

እግርሽ የሚያብጥ ከሆነ ደግሞ ወደ 10 ሰዓት ገደማ አንድ ሰዓት ያህል እግርሽን ከፍ አድርገሽ ዐረፍ በይ። እግር ላይ የተጠራቀመው ውኃ ቀን በሽንት ይወጣል፣ ሌሊት ወደ ደረትሽ የሚመለሰው ያንሳል። ይህን ያስለመድኳቸው ሰዎች ሌሊት የሚነሡበት ጊዜ ቀንሶላቸዋል።

4. ሌሊት ለሽንት ስትነሺ ዘለሽ አትነሺ። የልብና የግፊት መድኃኒት ስትነሺ ግፊትን ያወርዳል፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ጥቂት ቁጭ በይና ከዚያ ቁሚ። መጸዳጃ ቤቱ ግቢው ጫፍ ላይ ከሆነ፣ በክረምት በጨለማ ጭቃ ላይ ከምትሄጂ ፖፖ አልጋሽ ሥር አድርጊ። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የምትወስጂ ከሆነ መውደቅ ለአንቺ ቀላል ነገር አይደለም።

5. እንቅልፍሽ ከእራትሽ ጨው ጋር የተያያዘ ነው።

ጨው ውኃ ይይዛል። ማታ የበላሽው ጨው የበዛበት ወጥ ሌሊት ትንፋሽ ሆኖ ይመጣብሻል። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ እንኳ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ ያ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው፣ ለቀኑ ሁሉ። ወጡ ላይ በእጅሽ የምትጨምሪውን ብታቆሚም ጨው በሌላ በር ይገባል። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ አብሮ የሚፈጨው አለ፤ ቋንጣ አለ፣ የዳቦ ቤት ዳቦ አለ፣ ወጥ ላይ የሚፈረፈረው የቅመም ኩብ አለ፤ ባላገር ቡና በጨው የሚጠጣበትም ቤት አለ። ሽሮሽንና በርበሬሽን ያለ ጨው ለብቻ አስፈጪ። የቤቱ ሰው መጀመሪያ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ይለምደዋል። ለእነሱም ለግፊታቸው ይበጃል።

ሐኪም የምትጠጪውን የውኃ ልክ ወስኖልሽ እንደሆነ ሻዩም፣ ሾርባውም፣ አጥሚቱም ከልኩ ውስጥ ይቆጠራሉ። ጸበሉም እንዲሁ። ጸበል ቦታ ሄደው በባዶ ሆድ ብዙ ሊትር የጠጡና መድኃኒታቸውን ቤት ትተው የሄዱ ሕመምተኞች በምን ሁኔታ ወደ እኛ እንደመጡ ስለማውቅ ነው የምነግርሽ። ሂጂ፣ ጸልዪ፣ ጠጪ፤ በልክ ጠጪ፣ መድኃኒትሽንም ይዘሽ ሂጂ።

6. አጠገብሽ የሚተኛው ሰው ስለ አተነፋፈስሽ ምን እንዳየ ጠይቂው።

አንቺ የማታዪው፣ እሱ ግን የሚያየው ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ማንኮራፋት ነው። ከባድ ማንኮራፋት፣ በመካከሉ ጸጥታ፣ ከዚያ እንደ መታነቅ ብሎ መንቃት። ሲተኙ የጉሮሮ ሥጋ ላልቶ የአየሩን መንገድ ይዘጋዋል፤ ሰውየው ሳያውቀው በሌሊት ውስጥ ደጋግሞ ይታፈናል። በታፈነ ቁጥር ግፊቱ ይወጣል፣ ልቡ ይጨነቃል። ጤነኛ ሰው ሲተኛ የደም ግፊቱ ከቀኑ በመቶ ከ10 እስከ 20 ያህል ይወርዳል፣ ልብም የሚያርፈው ያኔ ነው። የሚታፈነው ሰው ይህን ዕረፍት አያገኝም። ሦስት ዓይነት የግፊት መድኃኒት እየወሰደ ግፊቱ አልወርድ ያለ ሰው፣ ወይም የልብ ምቱ እየተዛባ የሚያስቸግረው ሰው ካወቅሽ፣ ያንኮራፋ እንደሆነ ጠይቂልኝ። ቤታችን ውስጥ ማንኮራፋት የድካም ወይም የጥጋብ ምልክት ተደርጎ ይሳቅበታል። መሳቁ ይቅር።

ሁለተኛው ያለ ማንኮራፋት የሚመጣ ነው። ትንፋሹ ቀስ በቀስ እየጠለቀና እየፈጠነ ይወጣል፣ ከዚያ እያነሰ ይወርዳል፣ ከዚያ ለብዙ ሰኮንዶች ጭራሽ ይቆማል፤ እንደገናም ይጀምራል። ይህን አተነፋፈስ በደብሊን ይሠሩ የነበሩ ሁለት ሐኪሞች፣ ጆን ቼይን እ.ኤ.አ. በ1818፣ ዊልያም ስቶክስ ደግሞ በ1854 ጽፈውታል፤ እስከ ዛሬም በእነሱ ስም ይጠራል። እዚህ ጉሮሮው ክፍት ነው፤ የተዛባው ከአንጎል የሚመጣው የ«ተንፍስ» ትእዛዝ ነው። ልቡ በጣም በደከመ ሰው ላይ ይታያል፣ ዋናው መድኃኒቱም ልቡን በደንብ ማከም ነው። ይህን ያየ ቤተሰብ ሊሞት ነው ብሎ ይደነግጣል፣ ወይም ሕልም እያየ ነው ብሎ ይተወዋል።

የሚጠቅምሽ ዘዴ ቀላል ነው። ባለቤትሽ ወይም እኅትሽ አንድ ሌሊት ደረትሽንና ፊትሽን በስልክ ለጥቂት ደቂቃ ቪዲዮ ይቅረጹሽ። የእንቅልፍ ምርመራ በአገራችን እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም፤ ቪዲዮው ምርመራውን ባይተካም ለሐኪሙ ከብዙ ወሬ ይበልጣል።

ስለ አንድ መሣሪያ ደግሞ አጥብቄ ላስጠንቅቅሽ። ሲፓፕ የሚባለው በጭንብል አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርግ መሣሪያ፣ ለሚያንኮራፋውና ለሚታፈነው ሰው ትልቅ እፎይታ ይሰጣል። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ዘመዶቻችን በኢንሹራንስ ያገኙታል፣ አንዳንዶቹም ያረጀውን ለእናት ለአባት ይልካሉ። ሐኪም ሳያይ እንዳትጠቀሚ። ከመሣሪያዎቹ ውስጥ ትንፋሽን እየተከተለ ግፊቱን ራሱ የሚቀያይር ዓይነት አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ፣ ከ1,300 በላይ የልብ ድካም ሕመምተኞች የተካፈሉበት ጥናት፣ ልባቸው ደክሞ ትእዛዙ ከአንጎል የሚቋረጥባቸው ሰዎች ይህን ዓይነቱን መሣሪያ ሲጠቀሙ በልብ ሕመም የሚሞቱት እንደጨመሩ አሳይቷል። በፍቅር የተላከ ዕቃ ነው፣ ግን ለማን እንደሚሆን የሚያውቀው መርማሪው ነው።

7. እንቅልፍ የነሣሽ መድኃኒቱ ራሱ ከሆነ አስለውጪው እንጂ አታቋርጪው።

የልብ ምትን የሚያረጋጉ እንደ ፕሮፕራኖሎልና ሜቶፕሮሎል ያሉት አንዳንድ ሰው ላይ የሚያስጨንቅ ሕልም ያመጣሉ፣ እንቅልፍ ይቆራርጣሉ። በድንገት ማቆማቸው ግን ለልብ አደጋ ነው። ኤናላፕሪልም በአንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል፤ ጉሮሮ እየከረከረ አያስተኛም። ምትክ መድኃኒት አለው። እዚህ ላይ ግን ሳሉን መለየት አለብሽ። ቀንም ሌሊትም፣ ተቀምጠሽም ተኝተሽም እኩል የሚያስልሽ ከሆነ መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል። ስትተኚ የሚጀምር፣ ቁጭ ስትዪ የሚተውሽ፣ አረፋ ያለው አክታ የሚያወጣ ከሆነ ሳንባሽ ውኃ እየያዘ ነው፤ በማር በዝንጅብል አታባብዪው።

እግርሽን ሌሊት የሚያቅበጠብጥሽ፣ ካላንቀሳቀስሽው የማያስቀምጥሽ ከሆነም ተናገሪ። ምክንያቱ የብረት እጥረት ሊሆን ይችላል፤ የልብ ድካም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ይህ እጥረት አለባቸው፤ በደም ምርመራ ይታያል፣ ይታከማልም።

8. የእንቅልፍ ኪኒን ከጎረቤት አትዋሺ። ዲያዜፓምና መሰሎቹ ትንፋሽን ያዘገያሉ፤ ለሚታፈን ሰው ያንን ትንሽ መንቂያ ጭምር ይነሡታል። አረቄ እንቅልፍ የሚያመጣ ይመስላል፣ ጉሮሮን ያላላል፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ደግሞ ያነቃሻል። ጫት ያለ ጥርጥር ይቅርብሽ፤ ልብን ያስሮጣል፣ ግፊት ያወጣል፣ እንቅልፍ ያባርራል። የወገብ ወይም የጉልበት ሕመም ቢያስቸግርሽ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም አትግዢ፤ ውኃ ያስይዛሉ። ፋርማሲ ስትገቢ መጀመሪያ የምትናገሪው ቃል «የልብ ሕመምተኛ ነኝ» የሚለው ይሁን።

9. ቡናን አልከለክልሽም። አቦሉን ጠዋት ጠጪ። ከቀትር በኋላ ጎረቤት ሲጠራሽ ሂጂና ተጫወቺ፣ ሲኒውን ግን እለፊው፤ የቡናው ኃይል ከአምስት ሰዓት በኋላም ግማሽ ያህሉ ደም ውስጥ አለ። ማታ 11 ሰዓት ላይ ቶናውን ጠጥተሽ 4 ሰዓት ላይ ለምን ዓይኔ ፈጠጠ አትበዪ።

10. ፍርሃትሽን አፍ አውጥተሽ ተናገሪው።

ብዙ የልብ ሕመምተኞች እንቅልፍ የሚያጡት ትንፋሽ አጥሯቸው ብቻ አይደለም። ተኝቼ ብቀርስ ብለው ይፈራሉ። በዕድርም በለቅሶ ቤትም «ተኝቶ ቀረ» ሲባል ሰምተው አድገዋልና መተኛት ራሱ ያስፈራቸዋል። አምሽተው ይቀመጣሉ፣ ሌሊቱን በሰዓት ማየት ይገፋሉ፣ ጎሕ ሲቀድ ያሸልባሉ። ይህን ፍርሃት የሚያፍሩበት አሉ፤ በተለይ ወንዶች። የሚያሳፍር አይደለም። የልብ ሕመም ከያዘ በኋላ ድብርትና ጭንቀት መምጣቱ የታወቀ ነገር ነው፣ ሕክምናም አለው። ድብርቱ ሳይታከም እንቅልፉ አይመለስም፣ እንቅልፉ ካልተመለሰም መድኃኒት በሰዓቱ የመውሰድ ጉልበት ይጠፋል።

ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ሰው ሠራሽ ቫልቭ የተተከለላት ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥማታል። ሌሊት ሁሉ ጸጥ ሲል ቫልቩ እንደ ግድግዳ ሰዓት ቲክ ቲክ ሲል ትሰማዋለች። አጠገቧ የተኛውም ይሰማዋል። መጀመሪያ ላይ ያስጨንቃል፣ አንዳንዷም እሱን ስትቆጥር ታድራለች። ለአንቺም ቢተከልልሽ፣ ቫልቩ በትክክል እየተከፈተና እየተዘጋ መሆኑን የሚነግርሽ ድምፅ ነው። በቀኝ ጎንሽ ተኚ፣ ሬዲዮ በዝግታ ክፈቺ፤ ከወራት በኋላ አብዛኛው ሰው ይለምደዋል። ይልቅ ድምፁ በድንገት ከታፈነ ወይም ከጠፋ፣ ትንፋሽም ካጠረሽ፣ ያን ጊዜ ፈጥነሽ ሆስፒታል ድረሺ፤ ደም ረግቶበት ሊሆን ይችላል። ዋርፋሪንሽንና የደም ምርመራሽን የማታስተጓጉዪው ለዚህ ነው።

እንዲያው ዓይንሽ አልከደን ሲል ደግሞ ከእንቅልፍ ጋር ትግል አትግጠሚ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይተሽ ካልመጣ ከአልጋሽ ውረጂ። አንድ ክፍል ቤት ቢሆንም ዱካ ላይ ቁጭ በይ፣ መብራቱን አታብዢ፣ ስልክ አትንኪ፣ ጸሎትሽን አድርሺ ወይም አንድ ነገር አንብቢ፤ ሲከብድሽ ተመለሺ። ምንም ያህል መጥፎ ሌሊት ቢሆን ጠዋት በዚያው ሰዓት ተነሺ። የቀን እንቅልፍሽ ከግማሽ ሰዓት አይለፍ፣ ከ9 ሰዓት በኋላም አይሁን። ይህን በደንብ የያዘች ሰው በሳምንታት ውስጥ ለውጥ ታያለች፤ ከኪኒን የበለጠ የሚዘልቅ ዘዴ ነው።

እኅትሽ ወይም አማትሽ «ተኚ ተኚ ብሎ ማን ይሠራል» ካሉሽ፣ የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 እንቅልፍን ከደም ግፊት፣ ከስኳርና ከኮሌስትሮል ጋር ለልብ ጤና ከሚመዘኑት ስምንት ነገሮች አንዱ አድርጎ እንደቆጠረው ንገሪያቸው። ለአዋቂ ሰው ከ7 እስከ 9 ሰዓት ይላል።

11. አራስ ቤት ስላለችው እናት ለብቻ ልንገርሽ። በእርግዝና መጨረሻና ከወሊድ በኋላ ባሉት አምስት ወራት ውስጥ ልቧ የሚደክም እናት አለች። ሌሊት ስትነቃ ልጁ ነው ይባላል፣ ስትደክም ደም አንሷት ነው ይባላል፣ ሲያስላት ብርድ መቷት ነው ይባላል። ጠፍጣፋ ተኝታ መተንፈስ ካቃታት፣ እግሯ ማበጡ እየባሰ ከሄደ፣ ገንፎና አጥሚት እየጨመሩላት መጠበቅ ሳይሆን ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው። አንቺ ደግሞ ቫልቭሽ የጠበበ ስለሆነ ከማርገዝሽ በፊት ሐኪምሽን አማክሪ። በእርግዝና ጊዜ የሰውነት ደም እስከ ግማሽ ያህል ይጨምራል፤ ለጠበበ ቫልቭ ያ ብዙ ነው። ለሩማቲኩ የሚሰጥሽን የወር የፔኒሲሊን መርፌም አታስተጓጉዪ።

12. በክረምት ከሰል አቀጣጥለሽ ቤት ዘግተሽ አትተኚ። ከከሰሉ የሚወጣው መርዛም ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ደሙን አየር ያሳጣዋል፤ የታመመ ልብ ደግሞ ከሌላው ቀድሞ ይጎዳል።

13. ሰው ላለመቀስቀስ ብለሽ እስኪነጋ አትጠብቂ።

ይሉኝታ ስንት ሰው እንደጎዳ ባውቅም ለመናገር ያመኛል። እናቶች ልጆቼ ነገ ሥራ አለባቸው ይላሉ። ዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ አሠሪዎቼን ከምረብሽ ይላል ልቧ። ተቀምጠሽ ግማሽ ሰዓት ሳይለቅሽ ከቀረ፣ ሮዝ መልክ ያለው አረፋ ካስተፋሽ፣ ከንፈርሽ ከጠቆረ፣ ደረትሽን ጨምድዶ ይዞ አልለቅ ካለ፣ ራስሽን ከሳትሽ፣ አፍሽ ከተጣመመ ወይም አንድ እጅሽ አልታዘዝ ካለ ቤቱን በሙሉ ቀስቅሺ። አምቡላንሱ እስኪመጣ ቀና ብለሽ ተቀመጪ፣ እግርሽን ወደ ታች አድርጊ፣ አንገትሽን የያዘውን ልብስ አላቂ። ውኃ ጠጪ ቢሉሽ አትጠጪ። በታክሲ ቢወስዱሽም አያስተኙሽ፤ ቁጭ እንዳልሽ ይውሰዱሽ። የምትወስጃቸው መድኃኒቶች በሙሉ በአንድ ፌስታል ውስጥ ሆነው በር አጠገብ ይቀመጡ፣ የሚያጅብሽ ሰው ይዟቸው ይሮጣል።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ስልክሽ ላይ መዝግቢው፤ ከአንቺ ጋር የሚያድረው ሰው ስልክ ላይም መዝግቢለት።